መልአክ ቢጠይቅዎ እንኳን

ጣሊያን አገር እንግሊዝኛ ላስተምር ብዬ ሥራ ስፈልግ የከረምኩት ሰበታ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው። ሲነገር ያስቃል፣ አውቃለሁ። ጣሊያን እንግሊዝኛ ለመማር ከሰበታ ሰው ያስመጣል ወይ? እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡራዩ የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቤት ቁጭ ብለን፣ እሷ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ "እዚህ ጋ ለሕፃናት የእንግሊዝኛ መምህር ይፈልጋሉ፣ አገሩ ጣሊያን ነው" አለችኝ። ለቀልድ ብለን ማመልከቻ ላክን። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ቀልዱ አበቃ፣ የምግብ ፍላጎቴም አብሮት ሄደ።

ስንት ቦታ እንደላክሁ አልቆጠርኩም። አብዛኛዎቹ አይመልሱም። የሚመልሱትም በጨዋ ቋንቋ፣ የምንፈልገው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው ይላሉ። እኔ አፌን የፈታሁት ሱሉልታ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ነው። ለንደን የተወለደ ሁሉ ማስተማር የሚችል ይመስላቸዋል መሰለኝ። እየተናደድኩ እጽፋለሁ፣ ከላክሁ በኋላ ደግሞ እፈራለሁ። ስልኬን የጠመኔ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር የማስተምረው። ልጆቹ መልመጃ ሲሠሩ ጠመኔ የምመርጥ መስዬ ጎንበስ እልና ኢሜይሌን አያለሁ። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ጠመኔ ላምጣልሽ?" እስክትለኝ ድረስ።

ይህን ሁሉ ከጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ጋ ውጭ የመሄድ ነገር እግር አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ አይወራም። ወሬው ከቀደመ ነገሩ ይበላሻል ይባላል፤ ባይበላሽም ሰው አያስቀምጥም። የእኛው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ካናዳ ሊሄድ ነው ተብሎ ሽኝት ተደረገለት። ኬክ ተቆረሰ፣ ሻንጣ ተሸለመ፣ የሚያለቅስ አለቀሰ። ከዚያ ቪዛው ተከለከለ። ሰውዬው በሳምንቱ ተመልሶ ጠመኔውን ያዘ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ "ካናዳ" ነው። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ "ካናዳ መጣ፣ ዝም በሉ" ይባባላሉ። የተሸለመውን ሻንጣ የፈተና ወረቀት ያመላልስበታል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ "ጣሊያን" ተብዬ መጠራት አልፈልግም።

ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም። እሑድ እሑድ ሱሉልታ ስሄድ ወተቱን ፊቴ አስቀምጣ ታየኛለች። "ምን ሆነሻል? ከስተሻል" ትለኛለች። የማርመው ወረቀት በዝቶብኝ ነው እላታለሁ። ብነግራት ለሐሜት ሳይሆን "ጸልዩላት" እያለች አጥቢያውን ሁሉ ታዳርሰዋለች። እናቴን መዋሸት ከሁሉም ይከብደኝ ነበር።

አንድ ሰው ግን ማወቁ ግድ ሆነ። ለማመልከቻው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልግ ነበርና ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው የሰበታ ተወላጅ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም በአክብሮት ኦቦ ነው የምንላቸው። ከመምህርነታቸው ይልቅ በሽምግልናቸው ይታወቃሉ። የተጣሉ ሰዎች ለየብቻ የነገሯቸውን ይዘው፣ የአንዱን ለሌላው ሳይተነፍሱ ያስታርቃሉ። ጥያቄዬን ሲሰሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ልትለቂ ነው እንዴ?"

በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። ጣሊያን ስላቸው ቅንድባቸው ከፍ አለ እንጂ አልሳቁም። ለዚያ ብቻ ወደድኳቸው።

"አደራዎን ኦቦ" አልኩ። "የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሥራ እየፈለግሁ መሆኑን ከሰሙ፣ ጣሊያን ሳልደርስ ከዚህ ያባርሩኛል። ማንም ቢጠይቅዎ ምንም አያውቁም። መልአክ ወርዶ ቢጠይቅዎ እንኳን።"

"ቶሌ፣ እሺ" አሉኝ። "ሆዴ ገብቷል። ከዚያ የሚያወጣው የለም።" ማስረጃውንም ለፀሐፊዋ ሳይሰጡ ራሳቸው በሁለት ጣት እየለቀሙ ተይበው፣ ማኅተሙን መቱልኝ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ አንዱ መለሰ። በደቡብ ጣሊያን ያለ የትንሽ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው፤ ባለቤቷ ሸምገል ያለች ሴት፣ በቪዲዮ ልታነጋግረኝ ፈለገች። ፉሪ የተከራየሁት ቤት መብራቱ ስለማይታመን ቡራዩ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ከግቢው ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። ጓደኛዬ ባለወፍጮውን "በሽተኛ ተኝቶብናል" ብላ ለምና ለአንድ ሰዓት አስቆመችው። ያ ሰው እስከ አሁን ባገኘኝ ቁጥር "በሽተኛው ተሻለው?" ይለኛል።

ሴትየዋ ደግ ነበረች። ሕፃናት መልስ ሲጠፋባቸው ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከተማሽ ውስጥ ምን አለ ስትለኝ ፋብሪካ ነው፣ እኛም የምንለው ፋብሪካ ነው አልኳት። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነውና ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ ወድጄሻለሁ፣ የቀረኝ የአሁኑን አለቃሽን ማነጋገር ብቻ ነው። እሱ ካለቀ በዚህ ወር የሥራ ፈቃድ ወረቀትሽን አስገባለሁ፣ ወሩ ካለፈ ግን አልችልም። የኦቦን ስልክና ኢሜይል ደስ እያለኝ ጻፍኩላት። ከሳቸው የተሻለ ማን ይመሰክርልኛል?

ያን ሳምንት ኦቦ ተፍኪ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሲመለሱ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ባለቤት እሳቸው ቢሮ ውስጥ ናቸው፤ በማግስቱም እዚያው ናቸው። የበጀት ስብሰባ ነው ተባለ። ፈረንጅ ሲደውል ነገሩ ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ታክሲ ውስጥ ስልኬ ነዘር ባለ ቁጥር ፈጥኜ አወጣዋለሁ፤ ሳየው የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነው። ኦቦን ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳያቸው በዓይኔ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም እርግት ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል። ደወለችላቸው ማለት ነው፣ መሰከሩልኝ ማለት ነው እያልኩ እጽናና ነበር። ወሩ ግን እያለቀ ነው። ሦስተኛ ሳምንት ላይ መማሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ቀኑን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የቀረውን እቆጥር ጀመር።

መልሱ የመጣው ሐሙስ ዕለት፣ የጠመኔ ሳጥን ውስጥ ነው። አለቃሽን አግኝተናቸዋል ይላል። ስለ አንቺ ምንም እንደማያውቁ፣ የትም የሚሄድ ሰው እንደሌለና ዳግመኛ እንዳንደውል ነግረውናል። የላክሽው ማስረጃ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ስላልቻልን ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል።

ሁለቴ አነበብኩት። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። እዚያው ቆሜ መለስኩላት፤ ምስጢር እንዲጠብቁ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ እንደገና ይደወልላቸው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ጻፈችልኝ። አምንሻለሁ፣ ግን ውሉን ትናንትና ፈርመናል፣ አዝናለሁ አለች። ማመኗ ይባስ አስለቀሰኝ። ብትጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ቢሮ የገባሁት ልጮህባቸው ነው። እውነቴን ነው፣ አንቱ ማለቱንም ልተወው ደርሼ ነበር። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ። ያን ቀን በሩን የዘጉት ራሳቸው ናቸው።

"ስጠብቅሽ ነበር" አሉኝ በሹክሹክታ። "ደወሉልኝ እኮ። ባለቤቱ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጠው። ሴትየዋ ስምሽን እየጠራች ትለፈልፋለች፣ ድምፁ ውጭ ይሰማል። አላውቅም አልኩ፣ ዘጋሁት። ደግማ ደወለች፣ ደግሜ ዘጋሁት። ቀጥሎ በኢሜይል መጡ። የትም የሚሄድ ሰው የለም ብዬ ጻፍኩና ፀሐፊዋ ሳታየው አጠፋሁት።" ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። "አንድ የሚፈትነኝ ሰው እንዳለ ገብቶኛል። መልአክም ቢሆን ብለሽኝ የለ? ልጄ፣ ለሚስቴ እንኳን አልተነፈስኩም።"

ፊታቸው እንዴት እንደበራ መናገር ያቅተኛል። ስንት ዓመት ሰው ሲያስታርቁ የኖሩበትን ነገር ለእኔ እንዳደረጉልኝ ነው የሚያውቁት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይላሉ ሰዎች፤ ዳቦውን የጋገርኩት እኔ፣ ለሳቸው አደራ የሰጠሁትም እኔ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ኦቦ" አልኩ።

"መቼ ነው ታዲያ ጉዞው?"

"ትንሽ ዘግይቷል።"

ዓመቱ አልቆ አዲሱ ተጀመረ፤ እኔም እዚያው ነኝ። አሁንም ማመልከቻ እልካለሁ። "የአሁኑ አለቃ" የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን እጄ ይቆማል። ስልካቸውን ለመጻፍ መጀመሪያ ሄጄ ያን ጊዜ ያደረጉት ምን እንዳስከተለ መንገር አለብኝ። አልነግራቸውም። ስለዚህ ማመልከቻው እንዲሁ ጎዶሎ ሆኖ ይቀመጣል። ጠዋት ሰልፍ ላይ በአጠገቤ ሲያልፉ "አካም ቡልቴ" ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ነው፤ ቀጥለውም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ፈገግ ይላሉ።

ባለፈው ሰኞ ግን ቆም አሉ። ጡረታቸው መድረሱን ነገሩኝ። ግራና ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ከመውጣቴ በፊት ጨርሺው" አሉኝ። "የሚመሰክርልሽ ሰው ከፈለጉ ስልኬን ስጫቸው፣ እኔ አለሁ።"

"እሺ ኦቦ፣ እሰጣቸዋለሁ" አልኳቸውና ልጆቼን አሰልፌ ወደ ክፍል ገባሁ።