በአክሱም ካርታ ላይ የእህቴ ቤት

የልጄ ልጅ ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት የጥንቱን የአክሱም መንግሥት ስፋት የሚያሳይ ካርታ እንድትሠራ ታዘዘች። ለንደን፣ ሆሎዌይ ወዳለው ቤቴ መጥታ ወረቀቷን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ግን ተወልጄ ያደግሁት ሰንዓፌ፣ አክሱሞች ያቆሙት ሐውልት አጠገብ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ዝም አልልም።

አገሩን ቢጫ ቀባችው። ከአክሱም ተነስታ፣ ሰንዓፌን አልፋ፣ ቁልቁል እስከ አዱሊስ ወደብ ወረደች። ባሕሩን ተሻግራ የመንንም በዚያው ቢጫ ልትሞላው ስትል እጇን ያዝኩ። እነሱ የራሳቸው ነገሥታት ነበሯቸው፤ አክሱም የገዛቸው ለጊዜው ነው፤ እኛስ ሌላ ሰው አገራችንን በራሱ ቀለም ቢቀባው ደስ ይለናል ወይ አልኳት። የሞተ ንጉሥ ጠበቃ ሆንሽ ብላ እንደ መሳቅ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አንቺ ማለቷ አሳፍሯት ይቅርታ ጠየቀችኝ። የመንን ግን በቀጫጭን መስመር ብቻ አለፈችው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከቢጫው አልነቀል አለ። ሰንዓፌና ዛላምበሳ በአንድ ቀለም ውስጥ ነበሩ። እህቴ ያገባችው ዛላምበሳ ነው። ክረምት ላይ በለስ ሲደርስ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ በጣሳ ሞልታ፣ ለምሳ እናታችን ግቢ ትደርስ ነበር። እኔ እልጣለሁ፣ እሷ ታካፍላለች፤ ለእኔ አንድ ፍሬ ካስበለጠች አልበላም ብዬ እጣላታለሁ። በኋላ ሁለቱ ከተሞች በሁለት አገር ቀሩና በመካከላቸው ያለው ድንበር ተዘጋ። እናታችን ስትቀበር እኔ ከለንደን ደረስኩ፤ እሷ ከግማሽ ቀን መንገድ መድረስ አልቻለች። ሳልሞት አንድ ጊዜ ከእሷ ጋር እዚያ ግቢ ብቀመጥ ሌላ አልፈልግም።

ልጅቷ ወፍራም ቀይ ማርከር አነሳች። አስተማሪዋ የዛሬው ድንበርም ይታይ ብላለች። የማርከሩ ጫፍ ብቻ ሁለቱን ከተሞች ይውጣቸዋል።

«ይሄን ተይው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ የየመን ጊዜ እውነቱ ይሁን ብለዋል። ይሄም እውነት ነው፤ ቼክ አድርጌያለሁ።»

የራሴን ፍርድ ነው የፈረደችብኝ። ማርከሩን ከእጇ ወስጄ አስቀመጥኩና እርሳስ አምጥቼ በቢላዋ ቀረጽኩላት፤ እንደ መርፌ እስኪሾል ድረስ።

«በዚህ አስምሪ። የእህቴ ቤት ላይ እንዳትሄጂ።»

«ቤታቸው የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን ዛላምበሳ ላይ አኖርኩ። ጥፍሬ የእሷንም ደጅ፣ የእናታችንንም ግቢ፣ በመካከል ያለውንም መንገድ ሸፈነው። ልጅቷ እርሳሱን ይዛ ጣቴን እስካነሳ ጠበቀችኝ፤ አላጣደፈችኝም።

ቆይቼ አነሳሁት።