የጋሼ መኩሪያ ሁለት ሬዲዮ

ይህ ነገር ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ የልጄ ስልክ የምትሰማውን ፕሮግራም በራሱ ሲያወርድላት አይቼ ሳላስበው መንጋጋዬን ዳሰስኩ።

ያኔ የምኖረው ከዚህ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ታላቅ እህቴ ሰናይት ቤት ነበር፤ ሌላ መጠጊያ አልነበረኝም። ባሏ ጋሼ መኩሪያ ታክሲ ይነዳል፤ ፖለቲካ ሲነሳ ደም ሥሩ ይገተራል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣውን የወገኖቹን ሬዲዮ በየቀኑ ለሱ ማውረድ ሲሰለቸኝ፣ ከላይብረሪ መጽሐፍ እየቃረምኩ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽማት አንዲት አጭር ስክሪፕት፣ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት የጣቢያውን ፊድ፣ አዲስ የወጣውን የሚያስታውቀውን ገጽ ማለቴ ነው፣ አይታ ድምፁን ኮምፒውተሩ ላይ በተሰካው ትንሽ ማጫወቻ ትጭናለች፤ እሱ ነቅሎ ታክሲው ውስጥ ይሰማዋል። ጋሼ ደስ አለው። ቆይቶ ጠጋ አለና፣

«የነዚያንም ጨምሪልኝ፤ ምን እንደሚቀባጥሩ ልስማ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ።

ጨመርኩለት። ጠላቱን እንደሱ በትጋት የሚሰማ ሰው አላየሁም!

ቅጠሉ በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሾፌሮቹ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ፣ እንደ ልማዳቸው የሱን ታክሲ አራቱንም በር ከፍተው ሬዲዮ ሊሰሙ ከበቡት። ማጫወቻው ላይ ሁልጊዜ የሚቀድመው የወገኖቹ ጣቢያ ያን ቀን አዲስ ነገር አላወጣም። ማጫወቻውን ሲነካው የነዚያ ጮኸ።

«አንተ ሰላይ! ለካ ጉያችን ውስጥ ነበርክ!»

አፍንጫውን ሰበሩት።

እኔና እትዬ ሰናይት ለሽሮ ሽንኩርት እያቁላላን ሳለ ጋሼ በሩን በርግዶ ገባ። ሸሚዙ ደም በደም ነው፤ በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

«ማን ነው ያስጫነሽ? ተናገሪ!»

«ጋሼ፣ ራስህ አይደለህ እንዴ ጨምሪ ያልከኝ?»

በሚስቱ ፊት ማለቴ ነው ያሳበደው። መንጋጋዬን በቡጢ አለኝ። ኮምፒውተሩን በብረቱ አደቀቀው፤ ቁልፎቹ እንደ ሽምብራ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ከዚያ ብረቱን ወደ እኔ አነሳ። እትዬ መሃል ገባች። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

«ሰናይት…» አለ።

ዛሬም ሳስበው፣ ማሽን ወገን የለውም፤ ያዘዙትን ያመጣል። ሰው ግን ያዘዘው ሲመጣበት የሚመታው ይፈልጋል።

እህቴ ክንዷን በጄሶ አሳስራ፣ በደህናው እጇ እየነዳች፣ ከሐኪም ቤት ሎረል ከተማ ወዳለች ጓደኛዋ ይዛኝ ሄደች። ወደዚያ ቤት ተመልሳ አልገባችም።