ለእህቴ ህመሟን ልንነግራት የሄድን ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ሳንሱሲ ሰፈር የምትኖረውን የታላቅ እህቴን በር አንኳኳሁ። ከኋላዬ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስና ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ቆመዋል።

እህቴ አልማዝ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንጀቷን ታማለች። ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ደም... ስትከሳም ሲደክማትም «ያው የለመድኩት አንጀቴ ነው» ብላ ሱቋን ትከፍታለች። እኛም ለመድነው፤ ጌታ ይቅር ይበለን። ሰሞኑን ድካሙ ሲብስባት ደሟ ተመረመረ፤ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«የደም ካንሰር ነው። አንጀታቸው ለዓመታት የቆሰለባቸው ሰዎች ላይ አንዳንዴ ይመጣል። ሕክምናው ሰኞ መጀመር አለበት፤ ቀስ ብላችሁ ንገሯት» አለኝ።

ማን ይንገራት? ሦስት ቀን አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሲጨንቀኝ ጋሽ ማቴዎስን ለመንኩ። ሱቅ ሳትሄድ እንድረስባት ብለን ነው በጠዋት የሄድነው። ጅል አይደለሁ...

በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ የጋሽ ማቴዎስን ጥቁር ኮት አየች፣ የእትዬ ወርቅነሽን ነጠላ አየች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ እኛ አገር የማያውቅ የለም።

«እማዬ ናት አይደል?» አለች። እናታችን ሆሳዕና ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ አልፏታል። መልስ እንኳ ሳንሰጣት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። «ሳላያት... እማዬን ሳላያት...»

«አልሚ፣ እማዬ ደህና ናት። ትናንት እንኳን በስልክ አውርቻታለሁ።»

«አትዋሸኝ።»

ጋሽ ማቴዎስ አጠገቧ ተንበረከኩ። «ልጄ፣ የመጣነው ስለ አንቺ ነው። ደምሽ ላይ ካንሰር ተገኝቷል» አሏት። ቀስ ብሎ መንገር የሚባለው ነገር እዚያው ቀረ።

ለቅሶዋን አቆመች። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«እማዬ አለች?»

«አለች፣ ልጄ።»

«ተመስገን ጌታዬ» አለችና ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ላይ ምን ያቆማችኋል?»

እኛ ሶፋዋ ላይ ተደርድረን ስናለቅስ የምታባብለን እሷ ነበረች። ሰኞ ሕክምናዋን ጀምራለች።

ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት ተመስገን ያለች ሰው እህቴን ብቻ ነው ያየሁት... እኔን ግን «ተመስገን» የሚለው ቃል እስከዛሬ ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።