ከቅስቱ ሆድ ስር

እንደምነግርሽ ጻፊው የልጄ ልጅ፣ አታሳምሪው።

አባትሽ ግንበኛ አይደል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ነበር ሲሠራ የኖረው። የመንደራችን መስጊድ የግቢ በር ሲፈርስ ግን "በድንጋይ ቅስት አድርጌ እሠራዋለሁ" ብሎ ተነሣ። ብረት የለው፣ አግዳሚ እንጨት የለው፣ ድንጋይ ብቻውን ከሰው አናት በላይ ጎብጦ ሊቆም! እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ማንጎ እሸጣለሁ፤ ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው።

"ምን ይዞት ነው የሚቆመው?" እለዋለሁ።

"እርስ በርሱ ተያይዞ፣ እማ። ነይ ላሳይሽ።"

እንደ ሰው አካል ነበር የሚጠራልኝ። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት ድንጋዮች እግሩ ናቸው። መጉበጥ ሲጀምር ትከሻው። ከስር ገብተሽ ቀና ስትይ የምታዪው ጎድጓዳው ሆዱ፣ ከላይ ያለው ጀርባው። አናቱ ላይ መጨረሻ የሚገባው፣ ከላይ ሰፋ ከታች ቀጠን ተደርጎ የተጠረበው ድንጋይ ደግሞ ቁልፉ ነው። ቁልፉ ገብቶ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሁሉንም የሚሸከመው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ አጉብጦ፣ ከስሩ በወፋፍራም ቀርከሃ ደግፎ፣ ድንጋዩን በዚያ ላይ ነበር የደረደረው።

ቁልፉ በገባ ማግስት ሲሚንቶ ሊያመጣ ባምባሲ ሄደ።

"እማ፣ ድጋፉን ማንም እንዳይነካ። እኔ ራሴ ነኝ ቀስ እያልኩ የማወጣው።"

የዚያን ለት ከበርታ ጎረቤቶቻችን አንድ ሽማግሌ ሞቱ። እንግዲህ እኛ መንደር ሰው ሲሞት ቀርከሃ አይጠየቅም። ቃሬዛው ቀርከሃ ነው፣ መቃብር ውስጥ በሬሳው ላይ የሚረበረበውም ቀርከሃ ነው። ለጀናዛ፣ ለቀብር ከሆነ ከማንም አጥር፣ ከማንም ደጅ ይነሣል፤ ባለቤቱም ቅር አይለው። እኔም ከወሎ መጥቼ እዚህ እስካረጅ የማውቀው ይሄንኑ ነው። ግን ይሄኛውን ይነካሉ ብዬ በህልሜም አላሰብኩ።

ማንጎዬን ስደረድር ቷ! ቷ! ሲል ሰማሁ። ቀና ብል ጎረምሶች ከቅስቱ ስር ገብተው ድጋፉን በገጀራ ይመታሉ። ክው አልኩ።

"ኧረ በአላህ! ኧረ ውጡ፣ ይደፋባችኋል!"

አንዱ ዞሮ ሳቀ። "ለጀናዛ ነው ሐቦባ፣ አንተ አትፍራ" አለኝ። በርታዎቹ አሮጊት እንደዚያ ነው የሚጠሩ፤ አማርኛቸው ደግሞ ለሴቱም ለወንዱም "አንተ" ነው።

"ለራሴ የፈራሁ መሰለህ? አንተኑ ጀናዛ ያደርግሃል!"

ሳልጨርስ የመጨረሻውን ነቀለው። የጎበጠው ቀርከሃ ዘጭ አለ። ድንጋዩ ወላሂ እንደ ጥርስ ተፋጨ። አሸዋ ዘነበ፣ ልጆቹ ቀርከሃውን እንደያዙ ተፈተለኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲወድቅ ልሰማ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። ስገልጥ ቆሟል። ምንም ሳይዘው፣ ባዶ አየር ላይ!

ከዚያ ሬሳው መጣ። ለሟቹ ሰላት የሚሰገደው ግቢው ውስጥ ነው፣ መግቢያው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሰዉ ባዶውን ቅስት ሲያይ ቆመ። አንድ የሚደፍር ጠፋ። የሟቹ ልጆች ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ፀሐይ ላይ ቀሩ።

ይሄኔ አባትሽ ከባጃጅ ወረደ። ቅስቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "ማነው?" ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ቀርከሃውን ቃሬዛው ላይ አየውና ወደ ቅስቱ ዞረ። ሬሳ ተጭኖበት ማንን ይቆጣል?

ሄደና የቅስቱን እግር ዳበሰ። መሰላል ወጥቶ ትከሻውን አየ፣ ቁልፉን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ሰጠው። ወረደና መሃሉ ላይ ገብቶ ቆመ።

"ግቡ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። እኔ ግን ማንጎው ተበትኖ ስሮጥ ነው ራሴን ያገኘሁት።

"ውጣ! ውጣልኝ አንተ ልጅ!" ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩ።

"እማ፣ ትከሻው አልተከፈተም። ቁልፉ ነክሶ ይዟል።"

"ቁልፉም ይቅር፣ መስጊዱም ይቅር!" አስተግፊሩላህ፣ እንደዚያ አልኩ።

እየጎተትኩት ቀና ስል የቅስቱ ሆድ! ለካ እኔም ስሩ ነኝ። እያንዳንዱ ድንጋይ አናቴ ላይ ነው። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተኝ።

ያ ገጀራ የያዘው ልጅ ከኋላ "ሐቦባ ከገባ እኛ ምን ይጠብቃል!" ሲል ሰማሁት።

ቃሬዛውን አነሡት። እኛን ታከው አለፉ፣ ያ ቀርከሃ ሬሳ ተሸክሞ እንደገና በቅስቱ ስር አለፈ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሰብሮ፣ እየተጣደፈ፣ ዱዓ እያደረገ። እኔ የአባትሽን ሸሚዝ እንደያዝኩ ነኝ። የመጨረሻው ሰው ካለፈ በኋላ እንኳ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ፣ እሱ ነው አንድ በአንድ ያላቀቃቸው።