ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን

መምህር ሀብተሥላሴ ኬሚስትሪን የሚያስተምረው በተነከረ እህልና በመጥረጊያ ስንጥር ነው። እህሉ አቶም፣ ስንጥሩ ቦንድ። በአንድ ባቄላ ላይ ሁለት ሽምብራ ይሰካና «ይኸውላችሁ፣ አንድ የውሃ ሞለኪዩል!» ይላል። «ባቄላው ኦክስጅን፣ ሽምብራዎቹ ሃይድሮጅን። ኤሌክትሮን በጋራ ስለሚጠቀሙ ነው ተያይዘው የሚኖሩት።» ተማሪው ይወደዋል። እሱም መወደዱን ይወዳል፤ ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ቀን አበቡ የምትባል ዝምተኛ ተማሪው እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጠበልስ?»

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እሱን ግን ማሳቅ አማረው። «ጠበልም ያው ነው! ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን። ቧንቧ እያለልሽ ምን ዳገት ያስወጣሻል?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አበቡ አቀረቀረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ራሱ ጾም የማይገድፍ ሰው፣ ምን አናገረው?

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ የአበቡ አባት አያ ቢያዝን አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰምቶ ሊጠይቃቸው ገባ።

«እንዴት ነዎት፣ አያ ቢያዝን?»

«ተመስገን ነው። ልጄ ግን እኔን ማስታመም ሰለቻት። በየጧቱ ከቁስቋም ጠበል ታመጣልኝ ነበር፤ ሰሞኑን ተወችው። ምነው ብላት ወሬ ትቀይራለች። በሽታውስ ይሁን፣ እሷን ማሰልቸቴ ነው የገደለኝ።»

ሀብተሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እርስዎ አልሰለቿትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ አፈረና «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲረግም ዋለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀሪካን ይዞ ቁስቋም ወጣ፤ ጠበሉን ቀድቶ በራቸውን አንኳኳ። አበቡ ከፈተች። ጀሪካኑን አየች፣ እሱን አየች።

«ቲቸር፣ ያው ውሃ አይደል?»

«ያው ነው፣ አበቡ። ሞለኪዩሉስ ያው ነው። በአባትሽ ጠበል ማሾፌ ነው ብልግናው። ይቅር በይኝ። አንቺ ስጫቸው፤ ሰለቸኋት ብለው ተሰብረዋል።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። በጣሳ ቀዳችና ለአባቷ ያዘችላቸው። አያ ቢያዝን እጇን ከነጣሳው ይዘው ጠጡ። ቀና ሲሉ ሀብተሥላሴን በር ላይ አዩት።

«ለካ አንተ ነህ መክረህ የመለስክልኝ! ሸጋ ሰው! እንዳንተ ያለውን አስተማሪ ያብዛልን።»

ሀብተሥላሴ ሰረቅ አድርጎ ልጅቷን አየ። አንድ ቃል ከአበቡ ቢወጣ ጉዱ ነበር።

«ምነው፣ አሜን በል እንጂ!» አሉት አያ ቢያዝን።

እሱ አቀረቀረ።

«አሜን» አለች አበቡ፣ በሱ ፋንታ።