ዝናብ ያልዘነበበት እሁድ

ዋጋውን አስቀድሜ ልንገርህና እንገላገል። ያ ክረምት አንድ ጓደኛ ወስዶብኛል። በዚያ ላይ ድራማ ማየት ወስዶብኛል። ሁለተኛው ቀላል ይመስልሃል፤ ለእኔ ግን ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም እንጀራዬ ቴሌቪዥን መሸጥ ነው። የሱቄ ግድግዳ ሙሉ ቀን ሲያበራ ይውላል፣ እኔ ግን አንድ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። ጥርስ የሌለው ሰው ቆሎ ሲሸጥ አይተህ ከሆነ፣ እኔን አየህ ማለት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የከተማችንን የሚዛንን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ልምጣ ብሎ አያስፈቅድም። ቆርቆሮው ላይ አንዴ ከወረደ፣ ፊት ለፊቴ የቆመው ደንበኛ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም። ከኋላው ባለው ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ተዋናይ ታለቅሳለች። ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ትነሳና እንደገና ትወድቃለች። ደንበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ድምፁ ኃይል አለው?» አለኝ። «ሰፈር ያስነሳል» አልኩት። በዚህ መሃል የእርጥብ አፈር ሽታ በበሩ ገባና፣ ያች ክፍሌ ትዝ አለችኝ።

ሃያን ገና ማለፌ ነበር። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቼ፣ ኮረሪማና ማር ከገጠር እየገዛሁ ለጅማ ነጋዴዎች አሳልፍ ነበር። ክፍሏ መጋዘንም መኝታም ናት። ከኮረሪማው ጆንያ ጎን ተኝቼ ስለምነሳ ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንኳ ሰው ዞር እያለ ያሸተኝ ነበር። መጀመሪያ ደህና ትርፍ ሳገኝ፣ ሌላው ሰው ቢሆን ሽማግሌ ልኮ ሚስት ያገባበት ነበር፤ እኔ ቴሌቪዥን ገዛሁበት።

በግቢው ሌላ ቴሌቪዥን አልነበረም። ስለዚህ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ የሳምንቱ ተከታታይ ድራማ ሲደገም፣ ግቢው በሙሉ እኔ ክፍል ነው። ጡረታ የወጡት ወታደር አከራያችን ብቸኛዋን ወንበር ይይዛሉ፤ የእኔ ወንበር ብትሆንም የተቀመጠችው በእሳቸው ቤት ውስጥ ነውና አልከራከርም። የአጥሩ ጥግ ጎረቤታችን፣ ጎደሬ ሻጯ፣ ከገበያ የተረፋትን ቅቅል ከነዳጣው ይዛ ትመጣለች። ሌላው ጆንያ ላይ ይደረደራል።

ከግድግዳው ማዶ ጓደኛዬ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ በወጣትነቷ ከከምባታ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሴት ልጇን ጅማ የዳረች ሴት ነበረች። እኔ እማዬ ነበር የምላት። የወለደችኝ ሩቅ ነበረች፤ ይቺ ደግሞ በግድግዳ ውስጥ ሳሌን ሰምታ ዝንጅብል የምታፈላልኝ ነበረች።

እንግዲህ ችግሩ ዝናቡ ነው። ድራማው የሚደገምበት ሰዓትና ዝናቡ የሚመጣበት ሰዓት ተቀጣጥረው የሚገናኙ ይመስሉ ነበር። የሌላ አገር ሰው ድራማ ይሰማል፤ እኛ ግን እናይ ነበር። ታዲያ ድምፅ የሌለው ድራማ መጥፎ ተዋናይን ጉድ ያደርገዋል። ያ እጁን የሚያወናጭፈውን፣ ቅንድቡን የሚሰቅለውን ያለ ድምፅ ስታየው ዝንብ የሚያባርር ነው የሚመስልህ። ዝም የሚለው ግን ዝናብም አይጎዳውም። አንዲት ተዋናይ ነበረች፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር። እሷ ስትመጣ ጎደሬ የሚያላምጠው እንኳ ማላመጡን ያቆም ነበር።

ይህን ማየት ያስተማረችን እማዬ ናት። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁላችንም ፊታችንን ወደ እሷ እናዞራለን።

«አልነገረችውም» ትላለች።

«ምኑን?»

«እንጃ። ግን አልነገረችውም። ያችኑ ፎጣ ስታጥፍ ስትዘረጋ አላያችኋትም? የምታውቀው ነገር ያለ ሰው እጁን የሚያስገባበት ሥራ ይፈልጋል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ እንዳለችው ሆኖ ይገኛል። አከራያችን አይዋጥላቸውም። «አንቺ ሴትዮ፣ ደራሲው ዘመድሽ ነው?» ይሏታል።

«ዘመዴማ ቢሆን የተሻለ ባል ይሰጣት ነበር» ትላቸዋለች።

ጓደኛዬ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ ሲስቅ እንኳ ጥርሱ አይታይም። እኔ ማር ሻጭ ጋር ስከራከር አጠገቤ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሻጩ የእኔን ንግግር ትቶ የእሱን ዝምታ ፈርቶ ዋጋ ይቀንሳል። ክረምቱ ሲገባ ወርቅ እቆፍራለሁ ብሎ ወደ ዲማ ሄደ። እናቱ ስልክ ስላልነበራት የሚደውለው ለእኔ ነው።

«ደህና ነኝ በላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» ይልና ይዘጋዋል።

ግድግዳውን ዞሬ ሄጄ «ደህና ነኝ ብሏል» እላታለሁ። «ጥሩ» ትላለች። የእናትና የልጅ ወሬ በዚህ ያልቃል፤ ሁለቱም ጎድሎብኛል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ረቡዕ በእሱ ስልክ ሌላ ሰው ደወለ። አብሮት የሚቆፍር ልጅ ነበር። ዝናቡ ጉድጓዱን ንዶባቸዋል። ጓደኛዬን ዘግይተው አወጡት፣ መንገድ ስላልነበረ እዚያው ቀበሩት። ልጁ እያለቀሰ «ለእናቱ አንተ ንገራት» አለኝ። እኔ ሄጄ ለአከራያችን ነገርኩ።

እሳቸው ደግሞ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። መርዶ የራስ ደም ሳይኖር አይነገርም ተባለ። ሴት ልጇ ከጅማ መድረስ አለባት፤ ከቦንጋ ወዲህ ያለው መንገድ ግን በናዳ ተዘግቷል። ለልጅቷ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» ተብሎ ተደወለላት፤ ይህችን አረፍተ ነገር በአገራችን የሚያምናት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለእኛ ለግቢው ደግሞ ትእዛዝ መጣ። አከራያችን ጦር ሜዳ ያሉ ይመስል እያንዳንዳችንን በዓይናቸው እየለኩ «እሁድ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። እንደ ወትሮው። የሚያስቅ ካለም ይሳቃል» አሉን።

እሁድ ደረሰ። ያን ቀን ዝናብ አልመጣም።

ክረምቱን ሙሉ አንድ እሁድ ሳይምረን የኖረ ዝናብ፣ የፈለግነው ዕለት ከዳን። ፀሐይ በበሩ ገብታ እስከ ጆንያዎቹ ድረስ ተዘረጋች። ኮረሪማው ሞቆት ይሸታል። ቆርቆሮው ሲግል ጠሽ ጠሽ ይላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሁሉም ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል፤ ይህ ራሱ ልማዳችን አልነበረም።

እማዬ ገባች። አከራያችን ከወንበሯ ተነሱ።

«እዚህ ተቀመጪ» አሏት።

ቆማ ወንበሯን አየቻት። «ይቺ ወንበር ዛሬ ምን ሆና ነው ለእኔ የምትሰጠው?»

«እኔ ወገቤን አሞኛል፤ መቆም ይሻለኛል።»

«ወገብ ያመመው ሰው ይቀመጣል እንጂ» አለችና የተለመደው ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ጎደሬ ሻጯ በዚህ ከልክ በላይ ሳቀች። በሳቋ ብቻዋን እንደቀረች ሲገባት ጎደሬ ታድል ጀመር፤ እማዬ የያዘችውን ሳትጨርስ ሁለተኛ ጨመረችላት። እኔ ምንም ያልሆነውን አንቴና አስተካክል ነበር።

ድራማው ጀመረ። ያቺ ቀጭኗ ተዋናይ መስኮት አጠገብ ቆማለች። ከጀርባዋ ባሏ ገብቶ ቆመ። ስንቱን ሳምንት በዝናብ የጠፋብን ንግግር ዛሬ ይሰማል ብለን ጠበቅን። ምንም የለም። ለካ እዚያ ቦታ ላይ ንግግር አልነበረም፤ ዝናብ ባይኖርም ዝም ነው። ሴትየዋ የመስኮቱን መጋረጃ ትንሽ ገለጥ አደረገች፣ መለሰችው። ባልየው ኮቱን ሳያወልቅ ወጣ። በቃ። ተለያዩ። እኔ ዞር ብዬ እማዬን አየሁ። እሷ የምታየው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነበር።

መብራት ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ሚዛን ላይ በድራማ መሃል መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ በአንድ አፍ «ኧረ» ይላል፤ መብራት ኃይልን ይረግማል፣ አንዱ ቆጣሪውን ሊነካካ ይነሳል። ያን ቀን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁላችንም እንደ ተቀመጥን ቀረን። የጠፋው ቴሌቪዥን መስተዋት ጠቁሮ፣ በበሩ ብርሃን ውስጥ እኛን አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። እማዬ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ልጄ ደወለ?»

«አዎ» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «ትናንት ደወለ። በጣም ናፍቃኛለች በላት አለ። ሥራው ጥሩ ነው፣ የሚበላውም አልጎደለውም። ለመስቀል እመጣለሁ፣ ጣራዋን አስቀይርላታለሁ አለ። ጉልበቷን ብርድ እንዳያገኘው ጋቢ ትደርብ አለ። ስለ እኔ አታስብ፣ እኔ እሷን እያሰብኩ ነው የምውለው በላት አለ።»

በሕይወቴ ያን ያህል ሳላርፍ የተናገርኩበት ቀን የለም።

«ጉልበቴን አለ?»

«አዎ።»

«እንዲህ አለ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጥሩ» አለች። ጎደሬዋን ሰሃኑ ላይ መለሰች፣ ጆንያውን ተደግፋ ተነሳች። «መብራት ሲመጣ ጥሩኝ።»

ከወጣች በኋላ ግድግዳውን አዳመጥን። ውኃ ሲቀዳ ሰማን። የድስት ክዳን ሲከደን ሰማን። ለቅሶ የለም። አከራያችን በረጅሙ ተነፈሱና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ብትሆን ይቺ ትወና እንጀራህ ነበረች» አሉኝ። መብራት መጣ። ማንም አልጠራትም።

በማግሥቱ ሽንኩርት ስትገዛ ከሻጯ ጋር እንደ ወትሮዋ ተከራከረች። ከዚያ እኔ በር ላይ መጥታ እህል ወፍጮ ቤት እንዳደርስላት ለመነችኝ። ጆንያው ከበደኝ። «ለብቻሽ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። «ክረምት ነው። መንገዱ አይታመንም» አለች። ተሸክሜ አደረስኩ፤ ምንም እንዳልሆነ ለመምሰልም መንገዱን ሙሉ አፏጨሁ።

መንገዱ ተከፈተና ልጇ ደረሰች። አከራያችን ቤት አሳረፍናት፤ እሷም እዚያ ተነገራት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወደ እማዬ በር ሄድን። አከራያችን ንግግር አዘጋጅተው ሲያጠኑት ሰምቻለሁ፤ በሰው ልጅ ዕጣ የሚጀምር ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልጋዋን አንስታ ግድግዳ ላይ አስደግፋዋለች፤ ለሰው መቀመጫ ቤቱ ተለቋል። ዱቄቱ በትልቁ ሳፋ ተከድኖ ጥግ ተቀምጧል።

«ግቡ» አለች። «ቆያችሁ።»

የአከራያችን ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ። ከኋላችን ልጇ ብቅ አለች። እማዬ ያን ጊዜ ጮኸች።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ብቻዬን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ራሷ አነሳችው።

«መብራቱ ሲጠፋ አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣም» አለች። «አንተ ደግሞ ያን ሁሉ ደረደርክ። ልጄ ያን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሮ ያውቃል? ትንሽ ብታሳጥረው ጥሩ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?»

«ማንን እንደምትጠብቁ አላጣሁትም። ብጮህ ከእናንተ አንዱ ይደውልላታል። ያቺ ልጅ መንገድ ላይ፣ ናዳ ፊት፣ ባዕድ መሃል ብትሰማው ማን ይይዛታል?»

የዛሬን ድራማ አትጠይቀኝ። እናት መርዶ ስትረዳ ሦስቴ ትወድቃለች፣ ሙዚቃው ቀድሟት ያለቅሳል፣ ጎረቤቱ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ያስረዳሃል። ሰው ይወደዋል። እኔም ድምፁ ጥሩ የሆነውን መርጬ እሸጥለታለሁ።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ገብታ ድራማ አላየችም። እኔም ያን ቴሌቪዥን ለአንድ የቴፒ ሰው ሰጥቼ ተገላገልኩ። እሁድ እሁድ እኔ ወደ እሷ መሄድ ጀመርኩ። አንድ እሁድ ምስር እየለቀመች ሳለ ቀና ሳትል «እስቲ ያን መልእክት ንገረኝ» አለችኝ።

«የቱን?»

«ልጄ የላከውን።»

«እማዬ፣ አልላከም እኮ።»

«አውቃለሁ። ንገረኝ።»

ነገርኳት። ከሐፍረት የተነሳ አሳጠርኩት።

«ጉልበቴን ዘለልክ» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ በሙሉ ነገርኳት። «ጥሩ» አለች። ለዓመታት እንዲህ ኖርን። በየእሁዱ አትጠይቀኝም፤ ስትጠይቀኝ ግን አንድ ቃል አታስቀንስም። እኔ ናፍቆቱን ከጣራው ኋላ ካደረግሁት መልሳ ቦታው ታስገባዋለች።

እማዬ ካረፈች ቆየች። ልጇ መጥታ ዕቃዋን አከፋፈለች፣ ቤቱን ለአከራያችን ልጆች አስረክባ ወደ ጅማ ተመለሰች። ጓደኛዬ ዲማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ መቃብሩን የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። መልእክቱን የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ።