የኋላውን ወንበር ሳላይ

መኪና ልገዛ ነው ብዬ በተናገርኩ ማግስት የነቀምቴ ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪው መምህር ሞተሯ የተፈታ መኪና እንዳትነኪ አለኝ። የሒሳቡ ደግሞ ያልተፈታ ሞተር ነገ መፈታቱ አይቀርም፣ የታደሰውን ውሰጂ አለ። የባጃጁ ሹፌር ዋናው መለዋወጫ ነው እያለ እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ነጭ ግዢ፣ ነጭ ቶሎ ይሸጣል ያለኝም ነበር፤ ገና ሳልገዛ መሸጫዋን እንዳስብ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ መካሪዎቹ ሰባት ሲሆኑ ምን እንደሚባል የነገረኝ ግን የለም። ግራ ገባኝ። ግራ ሲገባኝ ደግሞ እናደዳለሁ።

መኪና ያሰኘኝ ቅንጦት አልነበረም። እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ከሰፈሩት ናት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ወድቃ ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም፣ ቁስሉም አልደርቅ ብሎ በየወሩ ነቀምቴ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። በሚኒባስ ስትመጣ እግሯን መተላለፊያው ላይ ዘርግታ ነው፤ የሚወጣውም የሚወርደውም ይመታዋል። መንገዱ ላይ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች። በዚህ የተነሳ ሁለት ቀጠሮ ቀረች። ሐኪሙ ሦስተኛውን ከቀረች እግሩን ላናተርፈው እንችላለን አለኝ። ለሦስተኛው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ደላላው ለአቅሜ የሚሆኑ ሁለት መኪኖች አገኘልኝ። አንዷ እዚሁ ነቀምቴ ያለች ትንሽ ነጭ መኪና ናት፣ ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ሴት። ሌላዋ ቢላ ከተማ ነው ያለችው፤ ጎኗ የተጨረመተ፣ ቀለሟ የለቀቀ አረንጓዴ፣ ከኋላዋ ረዘም ያለች። ነጯን ለማየት ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። አርባ ዓመት የመንግሥት ሹፌር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ "አባ ኮ" ነው የምላቸው፣ አባቴ ማለት ነው።

አባ ኮና ሴትየዋ ሰላምታ ሲለዋወጡ ከየትኛው ጎሳ ነሽ፣ የማን ልጅ ነዎት ተባባሉ። ሟች ባሏና እሳቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው የዘመሩ ሆነው ተገኙ። ሻይ መጣ፣ የሟቹ ነገር ተነሳ። እኔ መኪናዋን እስከ ስታዲየሙ ነድቼ ተመለስኩ፤ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ መኪናዋም ለስላሳ ነች። ስመለስ አባ ኮ ተነሱ፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ እጃቸውን ከላዩ አሳርፈው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ። እኔም አሜን አልኩ። ሴትየዋ አቀፈችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ገዝቼ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ቀብድ አልሰጠሁም፣ ወረቀት አልፈረምኩም። ግን ሽማግሌ የመረቀውን አልፈልግም ማለት እንዴት ይሆናል? ሲመሽ ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።

እናቴ ጋ ደውዬ ነጭ መኪና አገኘሁ፣ ሞተሯ እንዲህ ነው፣ መለዋወጫዋ እንዲህ ነው ብዬ ዘረዘርኩላት። አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ካልሽው አለች። ቀጥላም፣

"እግሬን የት አደርገዋለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሰባት መካሪ፣ ስምንተኛ እኔ፣ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ሴትየዋ ቤት ሄጄ የኋላውን በር አስከፍቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ጀርባዬን አንዱ በር ላይ አስደግፌ ቀኝ እግሬን ዘረጋሁ። ጉልበቴ ሳይቃና ተረከዜ ከወዲያኛው በር ጋር ተጋጨ፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ አጥር ነኝ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ስታየኝ ነገሩን አስረዳኋት። ለእናትሽ አትሆንም፣ ተዪው አለችኝ።

የከበደኝ ለአባ ኮ መንገር ነበር። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ምርቃትዎን ልመልስ ነው የመጣሁት የምል ያህል እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። መሬት መሬት እያዩ፣

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አርባ ዓመት ነዳሁ እንጂ መኪና መርጬ አላውቅም" አሉኝ። "ቁልፍ ይሰጡኛል፣ እነዳለሁ። ሁላችሁም እኔን ስታዩ የምለው ጠፋኝና መረቅኩ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ለካ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ቢላ አብረን ሄድን። አረንጓዴዋ መኪና ጎን እንደደረስን አባ ኮ ባለቤቱን በቅጡ ሳያናግሩ የኋላውን በር ከፈቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ገቡ፣ ያን ረጅም እግራቸውን ወንበሩ ላይ ዘረጉና "በሩን ዝጊው" አሉኝ። ተዘጋ። መስታወቱን አውርደው የተዘረጋ ጉልበታቸውን እያሳዩኝ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ነው መካኒክ ያስጠራነው። መካኒኩ ትንሽ ጭስ አላት፣ ግን ትቆያለች አለ። ስንት እንደምትቆይ ብጠይቀው እንደ አያያዝሽ ነው አለኝ። አባ ኮ ወሰንሽ? ብለው ጠየቁኝ፣ አዎ ስል ያን ጊዜ መረቁ።

ደህና መረጥኩ አልመረጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለቀጠሮው እናቴን ይዤ ከአንገር ጉቲን ስወጣ ከመኪናዋ ሆድ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። በኋላ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ። ያን ጊዜ ግን እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። እዚህ ጫካ መሃል ብትቆምብኝስ?

"እማ፣ ድምፁ ይሰማሻል?" አልኳት።

በመስታወቱ አየኋት። እግሯ በታጠፈ ጋቢ ላይ ተዘርግቷል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። በዚያ መንገድ ላይ ተኝታ አይቻት አላውቅም። እንዳትነቃብኝ ጉድጓዱን እየሸሸሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ።